ቁጥር ሲያዜም

ርዝመቷ ከሌባ ጣት ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ጥቁር ናት፤ በግራና በቀኝ በድምሩ ሃያ ስምንት እግሮች አሏት። በጀርባዋ ላይ «ቲዲኤ 1541ኤ» የሚል መለያ፣ ከመለያውም አጠገብ ትንሽ ዘውድ ታትሞባታል። የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ እርሷን መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይሁንና በአውሮፓም ሆነ በጃፓን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይህችን ባለ ዘውድ ቺፕ የሚያድኑ ሰዎች ዛሬም አልጠፉም። ከተፈላጊነቷ የተነሣ የተራዋን ቺፕ ጀርባ ፍቀው ዘውድ የሚያትሙ አጭበርባሪዎች ተነሥተዋል። የሐሰት ዘውድ የሚታተመው እውነተኛው ዘውድ ዋጋ ሲኖረው ብቻ ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም።

የዚህች ቺፕ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ቁጥርን ወደ ድምፅ መለወጥ። ባለሙያዎቹ «ዲጂታል ቱ አናሎግ ኮንቨርተር» ይሏታል። እኛ በአጭሩ ኮንቨርተር እንበላት። ዛሬ በእያንዳንዳችን ስልክና ኮምፒዩተር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ዋጋውም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ታዲያ ዘመን አልፎባታል የተባለች ቺፕ፣ እርሷንና መሰሎቿን የያዙት ከባድ የብረት ሣጥኖችም እንዲህ የሚወደዱት ለምንድን ነው? የተሻለ ስለሚያዜሙ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምልክትና ዜማ

የሲዲን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የቤተ ክርስቲያናችን ድጓ ነው። ከፊደሉ በላይ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ እየተባሉ የሚጠሩ ጥቃቅን ምልክቶች ተደርድረዋል። ብራናው ላይ ያለው ግን ምልክት እንጂ ዜማ አይደለም። ዜማው የሚወለደው ምልክቱን የተማረው መሪጌታ አፉን ሲከፍት ነው። የቤተልሔሙ ስልት ከአጫብሩ የሚለየውም ዜማ ከብራናው በላይ በአንባቢው ጉሮሮና ትምህርት ስለሚኖር ነው።

ሲዲም ላይ ድምፅ የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። የድምፁ ሞገድ ከፍታ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያርፋል፤ 16 ቢት የሚባለው ይህ ነው። ለግራውም ለቀኙም እንዲሁ ይደረጋል። በ1983 የታተመ ሲዲ ካልተበላሸ በቀር ዛሬም የሚሰጠው ያንኑ ቁጥር ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ የተለወጠው ምልክቱ ሳይሆን መሪጌታው ነው። የኮንቨርተር ታሪክም የዚህ የመሪጌታ ትምህርት ታሪክ ነው ብንል ያስኬዳል።

ሐሳቡ ራሱ ከሲዲ በጣም ይቀድማል። በፓሪስ ለአይቲቲ ኩባንያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ፣ የስልክ ንግግርን በቁጥር ለውጦ የማስተላለፍን ዘዴ በ1938 በፈረንሳይ በፓተንት አስመዘገበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ በዘመኑ የነበሩት የመስታወት ቱቦዎች ግን ሥራውን በተመጣጣኝ ወጪ ሊሸከሙት አልቻሉም። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1949 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ከድምፁ ከፍተኛ ንዝረት እጥፍ በላይ ከተለካ፣ በልኬቶቹ መካከል ያለው ሞገድ ሳይጎድል መልሶ ሊገኝ እንደሚችል በሒሳብ አሳየ። «በቁጥሮቹ መካከል የሚጠፋ ድምፅ አለ» የሚለው የብዙ ሰው ስጋት በዚህ መልስ ያገኛል። በወረቀት ላይ ችግሩ ያን ጊዜ አለቀ። በብረትና በሲሊከን ላይ ግን ገና አልተጀመረም ነበር።

ሥራውን በተግባር የጀመሩት ጃፓናውያን ናቸው። የአገሪቱ የስርጭት ድርጅት ኤንኤችኬ በ1967 ድምፅን በቁጥር የሚቀዳ መሣሪያ ሠርቶ አሳየ። በ1972 ዴኖን በቪዲዮ መቅጃ ላይ የተመሠረተ፣ በሴኮንድ 47,250 ጊዜ የሚለካ ባለ 13 ቢት መሣሪያ ይዞ ሙዚቃ መቅዳት ጀመረ። እነዚያ ቅጂዎች ዛሬም በ13 ቢት እንደተለኩ ናቸው። ይህን ነገር ወደ መጨረሻው ስለምመለስበት አንባቢ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ።

44,100 የሚለው ቁጥርም የመጣው ከቪዲዮ መቅጃ ነው። በጃፓንና በአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥርዓት 245 መስመር፣ በእያንዳንዱ መስመር 3 ልኬት፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲባዛ 44,100 ይሆናል። በአውሮፓው ሥርዓትም 294 መስመር በ3፣ በ50 ሲባዛ ውጤቱ ያው ነው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ስለሚሰማ ቁጥሩ ጥቂት ትርፍ ይተዋል። ትርፉ ግን እጅግ ጠባብ ነበር፤ መሐንዲሶቹንም ብዙ አስጨነቃቸው።

የነጋዴው ሚዛን

ኮንቨርተር ምን እንደሚሠራ ለመረዳት አንድ ነጋዴና ሚዛኑን እናስብ። ነጋዴው 16 የሚዛን ድንጋዮች አሉት። ትንሹ 1 ግራም ነው፤ ቀጣዩ 2፣ ቀጥሎ 4፣ እንዲህ እያለ በእጥፍ ያድጋል። አሥራ ስድስተኛው 32,768 ግራም፣ ማለትም ወደ 33 ኪሎ ይደርሳል። በእነዚህ ድንጋዮች ከዜሮ እስከ 65,535 ያለውን ማንኛውንም ክብደት መስጠት ይቻላል። ዘዴው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የ33 ኪሎው ድንጋይ በግማሽ ግራም እንኳ ቢሳሳት የአንድ ግራሙ ድንጋይ ትርጉም ያጣል። በኮንቨርተሩ ውስጥ ድንጋዮቹ የኤሌክትሪክ ፍሰቶች ናቸው፤ ነጋዴውም በሴኮንድ 44,100 ጊዜ መመዘን አለበት።

የባሰም አለ። በድምፅ ልኬት ዝምታ የሚገኘው ከደረጃው ግርጌ ሳይሆን መካከሉ ላይ ነው፤ ሞገዱ ከመካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛልና። መካከሉን በተሻገረ ቁጥር አሥራ አምስቱ ትናንሽ ድንጋዮች በአንድ ጊዜ ይነሡና ትልቁ ብቻውን ይቀመጣል፣ ወይም በተቃራኒው ይሆናል። ስለዚህ የትልቁ ድንጋይ ስሕተት ጎልቶ የሚሰማው መለከት ሲጮህ አይደለም፤ ሙዚቃው ዝግ ሲል፣ የፒያኖ ድምፅ ቀስ እያለ ሲሞት፣ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ነው። የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች «ደረቅ ናቸው» ብለው ለከሰሷቸው ሰዎች ቅሬታ አንዱ መሠረት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሶኒ የመጀመሪያውን የሲዲ ማጫወቻ፣ ሲዲፒ 101ን፣ ጥቅምት 1 ቀን 1982 በጃፓን ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 168,000 የን ነበር። ኮንቨርተሩ ውድ ስለነበረ ለግራና ለቀኝ ያገለገለው አንድ ብቻ ነው፤ በየተራ እያገለገለ አንዱን ጆሮ ከሌላው በሴኮንድ 11 ሚሊዮንኛ ያህል ያዘገየው ነበር። ከኮንቨርተሩ በኋላም የማይፈለገውን ከፍተኛ ንዝረት የሚያግድ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ያ ትርፍ ጠባብ ስለነበረ ማጣሪያው 20,000 ሄርዝን አሳልፎ ወዲያው ከ22,000 በላይ ያለውን መዝጋት ነበረበት። እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ማጣሪያ ደግሞ የድምፁን የጊዜ ቅደም ተከተል ሳያዛባ አይቀርም።

ፊሊፕስ ሌላ መንገድ ያዘ። መሐንዲሶቹ በእጃቸው የነበረው ባለ 14 ቢት ቺፕ ሲሆን ከሶኒ ጋር የተስማሙበት ደረጃ ግን 16 ቢት ሆነ። ቺፑን ከመጣል ይልቅ በእያንዳንዱ ልኬት መካከል ሦስት ተጨማሪ ቁጥሮችን በሒሳብ እያሰሉ በሴኮንድ 176,400 ጊዜ እንዲሠራ አደረጉት። የቀረውንም ስሕተት በስሌት ከጆሮ መስማት በላይ ወዳለው ንዝረት ገፉት። 14 ቢቱም የ16ን ሥራ ሠራ። ግድግዳው ማጣሪያም ቀርቶ የዋህ ማጣሪያ በቃ። በመጀመሪያ እንደ ጉድለት መሸፈኛ የታየው ይህ ዘዴ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመላው ኢንዱስትሪ ሥርዓት ሆነ።

መሬቱን በተራ ማረስ

ወደ ባለ ዘውዷ ቺፕ እንመለስ። ድንጋዮቹን በትክክል መቅረጽ ሁለት ዓይነት መልስ አግኝቷል። በአሜሪካ የአሪዞናው በርብራውን ኩባንያ በቺፑ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መቋቋሚያዎች በሌዘር ጨረር እየፋቀ ልኩን ያስተካክል ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ባለ 20 ቢት «ፒሲኤም 63» ደግሞ ደረጃውን ለሁለት ከፍሎ፣ ዝምታ አካባቢ ትልቁ ድንጋይ እንዳይነሣ አደረገ። ትንሹ ድምፅ በትናንሽ ድንጋዮች ብቻ ይመዘናል። ከተሠሩት መካከል ተለክተው የተመረጡት «ኬ» የሚል ፊደል እየታከለባቸው በተለየ ዋጋ ይሸጡ ነበር።

የፊሊፕሱ ሩዲ ቫን ደ ፕላሼ በ1976 ያሳተመው መልስ ግን በእኔ ግምት ከሁሉ ይማርካል። ሁለት ወንድማማቾች አንድ መሬት ወረሱ እንበል። እኩል ለመክፈል የቱንም ያህል ቢጥሩ አንደኛው ቁራሽ ትንሽ መብለጡ አይቀርም። መፍትሔው በየዓመቱ መለዋወጥ ነው፤ በጊዜ ብዛት ሁለቱም እኩል ያገኛሉ። ቫን ደ ፕላሼም ፍሰቶቹን ፍጹም እኩል ለማድረግ አልደከመም። በከፍተኛ ፍጥነት እርስ በርስ እንዲለዋወጡ አደረገና ልዩነቱ በአማካይ እንዲጠፋ ተወው። ቺፗን በከበቧት አሥራ አራት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሮጌ ማጫወቻዎችን የሚከፍቱ ሰዎች ይለዩዋታል፤ የዚያ መለዋወጥ ትርፍራፊ የሚጠራው በእነርሱ ነው። በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ውስጥ ልካቸው የተዋጣላቸው ተመርጠው ዘውዱ ይታተምባቸው ነበር።

የሣጥኖቹ ዘመን

በ1980ዎቹ አጋማሽ ኮንቨርተሩን ከማጫወቻው ለይቶ በራሱ ሣጥን ማኖር ተጀመረ። ሞተሩና የሌዘሩ ግርግር በአንድ ቤት፣ ስሱ ሥራ በሌላ ቤት ይሁን የሚል ሐሳብ ነው። በአሜሪካ ዋዲያ፣ ቴታና ማርክ ሌቪንሰን የተባሉ ስሞች ታዋቂ ሆኑ። ዋዲያ ማጣሪያውን በራሱ ፕሮግራም እየሠራ፣ ከፍተኛው ንዝረት ጥቂት ቢቀንስም የድምፁ ጊዜ እንዳይዛባ መረጠ። የማርክ ሌቪንሰን «ቁጥር 30» ደግሞ የኃይል ምንጩን እንኳ በሌላ ሣጥን ለይቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ10,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በእንግሊዝ ካምብሪጅ በ1987 የተቋቋመውና በጦር አውሮፕላን ራዳር ሥራ የጀመረው ዲሲኤስ፣ በ1996 «ኤልጋር» የተሰኘውን ለቤት የሚሆን ኮንቨርተር አወጣ። እርሱም እኩል የሆኑ ፍሰቶችን እያፈራረቀ የሚጠቀም ነበርና የወንድማማቾቹ መሬት ሌላ ገበሬ አገኘ።

ነገር ግን ቤቱን ለሁለት መክፈል አዲስ ችግር ወለደ። ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በሰዓቱ መድረስም አለበት። ቁጥሩም የሰዓቱም ምት በአንድ ሽቦ ሲጓዙ ምቱ ይንቀጠቀጣል፤ የተንቀጠቀጠ ሰዓት ትክክለኛውን ቁጥር በተሳሳተ ቅጽበት ያስቀምጠዋል። ክሪስ ደንና ማልኮም ሆክስፎርድ የተባሉ እንግሊዛውያን በ1992 ለድምፅ መሐንዲሶች ጉባኤ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ሁሉም የሚጠቀምበት ማገናኛ ራሱ ጉድለት ይኖርበት እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡ መሣሪያዎች ሰዓታቸውን ከሽቦው ነጻ ለማውጣት ብዙ ደክመዋል።

የዚህን ዘመን ፍጻሜ ያመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፊሊፕስ «ቢትስትሪም»፣ ማትሱሺታም «ማሽ» ያሉትን ዘዴ ይዘው ቀረቡ። የፊሊፕሱ አሥራ ስድስቱን ድንጋዮች ትቶ አንድ ብቻ ያዘ። አንዱን ድንጋይ በሴኮንድ ከ11 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ማንሣትና ማስቀመጥ፤ የቀረውን ሒሳቡ ይሠራዋል። የሚፋቅ መቋቋሚያ፣ የሚመረጥ ቺፕ፣ የሚታተም ዘውድ አያስፈልግም። በረከሰ ዋጋ በብዛት ይመረታል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ቺፖች ጥቂት ድንጋዮችን ከዚህ ስሌት ጋር እያዋሃዱ፣ በመለኪያ ሲታዩ የትናንቶቹን ባለ ዘውዶች ጥለዋቸው ሄደዋል። ዛሬ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ፣ ከስልክ ጋር የሚሰካ ኮንቨርተር ከአሮጌው ከባድ ሣጥን ያነሰ ስሕተት ሊሠራ ይችላል።

ጆሮ ምን ይላል?

በመለኪያ የተሸነፈው ዕቃ በጆሮስ? በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት አንድ ፈተና አሳተሙ። ከሲዲ የላቀ ልኬት አለው የተባለ ቅጂ አንድ ጊዜ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ በሲዲ ልኬት ውስጥ አልፎ ለአድማጮች ቀረበ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተነገራቸውም። ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆኑት 276 ነበሩ፤ ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። በተለመደው የድምፅ ከፍታ የሲዲው 16 ቢት ለጆሮ ይበቃ እንደነበር ይህ ያመለክታል። ድካሙ ሁሉ የቁጥሩ ሳይሆን የአንባቢው ነበር።

አንድ ወዳጄ ባለ 1541 የፊሊፕስ ማጫወቻ አለው፤ ከአዲሶቹ ሁሉ አስበልጦ ይወደዋል። ከአንድ ትንሽ አዲስ ኮንቨርተር ጋር እንድናወዳድረው ተስማማን። ጥቂት ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል የሁለቱን ከፍታ በመለኪያ አስተካከልን፤ ላዩ ላይ ጨርቅ ጣልንበትና አሥር ጊዜ አፈራረቅሁለት። ስድስቱን አወቀ። ሳንቲም እየወረወረ የሚገምት ሰውም ከዚያ ብዙ አያንስም። ወዳጄ ጨርቁን አነሣ፤ ፈገግ አለና «ቢሆንም እኔ ከዚህኛው ጋር ነኝ» አለኝ።

ይህን መልስ ግትርነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለእኔ ግን የነገሩ ፍሬ እዚህ ውስጥ አለ። ከአሮጌዎቹ አንዳንዶቹ በእርግጥ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ምክንያቱም ይታወቃል። ለምሳሌ ጃፓናዊው ሪዮሄይ ኩሱኖኪ በ1990ዎቹ አጋማሽ የዲጂታል ማጣሪያውን ጨርሶ የማስወገድ ሐሳብ አቀረበ፤ ብዙ ወዳጆችም አፈራ። ያለ ማጣሪያ 16 ቢቱን እንዳለ የምትቀበለው አሮጌ ቺፕም እንደገና ተፈለገች። እንዲህ ያለ መሣሪያ በ20,000 ሄርዝ ላይ ከ3 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል። «ለስላሳ ነው» የሚባለው ድምፅ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ለስላሳውን መውደድ ነውር የለበትም፤ ጉድለትን «እውነተኛው ድምፅ» ብሎ መሸጥ ግን ነውር ነው።

ከዚህም በላይ፣ አሮጌው ኮንቨርተር የድካም ዕቃ ነው። ስሕተቱን ማን በምን ዘዴ እንደተዋጋው ክዳኑ ሲከፈት ይታያል፤ አንዱ በሌዘር ፍቆ፣ አንዱ በተራ አፈራርቆ፣ አንዱ ለይቶ መርጦ። ዛሬ ችግሩ ተፈትቶ በጥፍር በምታክል ቺፕ ውስጥ ተሰውሯል፤ የተፈታ ችግር ደግሞ መልክ የለውም። ሰብሳቢዎቹ የሚገዙት ያንን መልክ ይመስለኛል። ይህንኑ ብለው ቢገዙት ገንዘባቸው አልባከነም። «በጆሮዬ እለየዋለሁ» የሚሉ ከሆነ ግን ጨርቁ ይጣልበትና ይፈተኑ።

የመግቢያው በር

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈን ቁም ነገር ግን ሌላ ይመስለኛል። እስካሁን የተናገርኩት ስለ መውጫው በር፣ ቁጥር ድምፅ ስለሚሆንበት ነው። በወዲያኛው ጫፍ ድምፅ ቁጥር የሚሆንበት የመግቢያ በር አለ። መውጫው ቢበላሽ ነገ በተሻለ ይተካል፤ ሲዲው ይቆየናል። መግቢያው ላይ የተሳሳተ ቁጥር ግን ለዘለዓለም ተሳስቶ ይኖራል። የ1972ቱን የዴኖን 13 ቢት የትኛውም የወርቅ ሣጥን 16 ሊያደርገው አይችልም።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የተቀዱ ዘፈኖች፣ አምሃ እሸቴ በ1969 በከፈተው አምሃ ሪከርድስ የታተሙትን ጨምሮ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» አማካይነት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሲዲ ዓለምን ዞረዋል። የውጭው አገር አድማጭ የጥላሁን ገሠሠንና የማሕሙድ አሕመድን የወጣትነት ድምፅ የሰማው በእነዚያ 44,100 ቁጥሮች ነው። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሌሎች ክሮችና ሸክላዎችስ? ክር ይሻግታል፣ ይጣበቃል፣ ይቆራረጣል። ዓለም አቀፉ የድምፅ ቤተ መዛግብት ማኅበር እንዲህ ያለ ቅርስ ሲገለበጥ በ24 ቢት፣ በሴኮንድ ቢያንስ 48,000 ጊዜ፣ ቢቻል 96,000 ጊዜ እንዲለካ ይመክራል። ከዚያም በፊት የማጫወቻው ራስ የጸዳ፣ ፍጥነቱ የተስተካከለ፣ መርፌውም ያልደነዘ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ለማድረግ በዛሬ ዋጋ የሚያስፈልገው ኮንቨርተር ከአንድ ተራ ስልክ ዋጋ ላይበልጥ ይችላል፤ እጥረቱ የዕቃ ሳይሆን የጥንቃቄ ነው።

አሮጌ ክር ያለው ሰው ይህን ካነበበ አንድ ነገር ልለምነው። ገልብጦ ለመጨረስ አይቸኩል፤ በጥሩ ማጫወቻ፣ በትክክለኛ ልኬት ያስገልብጠው። የተገለበጠውንም በሁለት ቦታ ያስቀምጥ፤ ዋናውንም አይጣል። መሪጌታ ሁልጊዜ ይገኛል። ምልክቱ በትክክል መጻፉን የምናረጋግጠው ግን ክሩ በሕይወት እያለ ብቻ ነው።